ዕሪናና ርትዕ፤ ስለ ከተማ ውኃ መስፈሪያ

ከተማ የሚቈረቈረው ውኃን ተከትሎ ነው። በ1886 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ አዲስ አበባ የሚል ስም ባልተሰማም ነበር። በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው ኬፕ ታውንም እንዲሁ የውኃ ልጅ ናት። የሆላንድ የንግድ ማኅበር በ1652 ዓ.ም. በዚያ ሥፍራ ሰዎቹን ያሰፈረው ወርቅ ወይም የዝሆን ጥርስ ፈልጎ አይደለም፤ ወደ ህንድና ወደ ምሥራቅ ደሴቶች የሚሄዱት መርከቦቹ፣ አናቱ እንደ ገበታ ከተዘረጋው ተራራ የሚወርደውን ንጹሕ ውኃ ቀድተው፣ አትክልትም ጭነው እንዲያልፉ ብሎ ነው።

እንግዲህ ስለ ውኃ የተመሠረተችው ይህች ከተማ በ2018 ዓ.ም. ውኃዋ የሚቋረጥበትን ቀን ቈርጣ ለሕዝቧ ማስታወቋ በየአገሩ ብዙ ሰው አስደነቀ። መሐንዲሶችም ከዚያ ወዲህ ነገሩን እያነሡ ይመረምራሉ። የሚጠይቁትም የአየር ጠባይ እንዲህ ከተለወጠ ከእንግዲህ ውኃው ከወዴት ይምጣ ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ያለው ጥቂት ውኃ በምን መስፈሪያ ይሰፈር የሚል ነው። የፊተኛውን የሚመልሰው የቍጥር ዕውቀት ነው፤ የኋለኛውን ግን ቍጥር ብቻውን አይመልሰውም።

ሰው ከምንጭ በእንስራ በሚቀዳበት ዘመን በእርሱና በምንጩ መካከል የሚቆም አልነበረም። ምንጩ ቢነጥፍ መንደሩ በሙሉ በአንድነት ይቸገራል፤ በአንድነትም ሌላ ምንጭ ይፈልጋል። ቧንቧ ከገባ ወዲህ ግን በሰውና በውኃ መካከል አንድ መሥሪያ ቤት ቆመ። ይህ መሥሪያ ቤት በጥጋብ ዘመን ነጋዴ ነው፤ ውኃ ያቀርባል፣ ቈጣሪ ያነባል፣ ዋጋ ይቀበላል፤ ብዙ በሸጠ ቍጥር ብዙ ያገኛል። በችግር ዘመን ግን ማንም ሳይሾመው ዳኛ ይሆናል። ለአንዱ ይህን ያህል ይበቃሃል፣ ለሌላው ይህን ያህል በዝቶብሃል ብሎ ይፈርዳል። ነጋዴ ሆኖ የኖረ ቤት በአጭር ጊዜ ዳኛ እንዲሆን ሲገደድ ፍርዱ ምን እንደሚመስል ከኬፕ ታውን የበለጠ የሚያሳይ አገር ማግኘት ያስቸግራል።

የኬፕ ታውን የዝናብ ወራት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ስለ ሆነ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ይቀራረባል። አመጣጡ ግን ሌላ ነው፤ ከምዕራብ በኩል ከባሕር ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ደመናውን እየነዳ ያመጣዋል። ይህን ዝናብ የሚያጠራቅሙ ስድስት ታላላቅ ግድቦች አሉ፤ በአንድነት 900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ቴዋተርስክሉፍ በሚባለው በአንዱ ግድብ ነው። መሐንዲስ ግድብ ሲሠራ ምስክር አድርጎ የሚያቆመው ያለፈውን ዝናብ ነው። አባቶች ያዩትን ክረምት በመዝገብ ቈጥሮ፣ ልጆችም ይህንኑ ያያሉ ብሎ የግድቡን ቁመት ይወስናል። ምስክሩ አልዋሸም፤ የመሰከረበት ዘመን ግን አለፈ። በ2015፣ በ2016ና በ2017 ዓ.ም. ሦስት ክረምት በተከታታይ ዝናቡ አነሰ፤ በ2018 ዓ.ም. ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንትም የሰው ልጅ ምድርን በማሞቁ ምክንያት እንዲህ ያለው ድርቅ የመምጣቱ ነገር ሦስት እጥፍ ያህል መጨመሩን አስታወቁ።

ጎርፍ ሲመጣ ይጮኻል፤ ድርቅ ግን ድምፅ የለውም። የአማርኛ ተናጋሪ የተንኰለኛን ሰው ነገር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ይለዋል። በኬፕ ታውን ግን እያሳሳቀ የወሰደው የውኃው መታጣት ነበር። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ሞቆ፣ ክረምቱ በጋ መስሎ ሲያልፍ በከተማው የሚከፋው ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚከፋው ገበሬው ነው። የከተማ ሰው የውኃውን ማነስ የሚያውቀው ቧንቧው ሲነጥፍ ነው፤ ቧንቧው ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ሞላ ይፈሳል።

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዋተርስክሉፍ ከሚይዘው ከመቶ ከ15 በታች ደርሶ፣ የሐይቁ ወለል እንደ በረሃ አሸዋ እየጤሰ ይታይ ነበር። የከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ልኩን እያጠበበ መጥቶ፣ ከየካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም አዘዘ። ሃምሳ ሊትር በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል ነው። ይህን አንብቦ ብዙ ነው የሚል አንባቢ በኢትዮጵያ ገጠር ሞልቷል፤ ቧንቧ በቤቱ ላለ ሰው ግን መጠጡ፣ ምግብ ማብሰያው፣ ገላ መታጠቢያው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ የመጸዳጃ ቤቱም ጭምር ከዚያው ነው። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ብቻ 9 ሊትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሕዝቡ ገላውን በ90 ሴኮንድ እንዲታጠብ፣ የታጠበበትንም ውኃ በባልዲ አጠራቅሞ ለመጸዳጃ እንዲያደርገው ተመከረ። ብዙው ሰው እንደ ተመከረው አደረገ። ከተማዋ በ2015 በጋ በቀን 1 ቢሊዮን 200 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ትጠቀም የነበረች፣ በ2018 ዓ.ም. ወደ 500 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወረደች። አራት ሚሊዮን ያህል ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ የውኃ ልማዱን ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ሕዝቡን ለዚህ ያበቃው ምክር ብቻ ነበርን ቢሉ፣ አይደለም፤ ፍርሃትም ነበረ። መሥሪያ ቤቱ ግድቦቹ በአንድነት ከመቶ 13 ተኩል ሲደርሱ የየቤቱን ቧንቧ እንደሚዘጋ አስታውቆ፣ ያንንም ቀን የዜሮ ቀን ብሎ ሰየመው፤ በሊቃውንት አነጋገር ዕለተ አልቦ ሊባል ይችላል። ቀኑ መጀመሪያ በሚያዝያ 2018 ይሆናል ተባለ፤ ቀጥሎ ወደ ግንቦት፣ ወደ ሰኔ፣ ወደ ሐምሌ ተገፋ፤ በመጨረሻም በዚያው ዓመት ቀረ። በዚህ ጊዜ፣ ሲያስፈራሩን ኖረዋል፣ ዋሽተውናል የሚል ማጉረምረም ተሰማ። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሁለት ዓይነት የፍርሃት ቃል አለ፤ አንደኛው ምንም ብታደርጉ ይሆናል የሚል ነው፤ ሁለተኛው እንዲህ ካልተመለሳችሁ ይሆናል የሚል ነው። የሁለተኛው ቃል መልካም ፍጻሜ አለመፈጸሙ ነው። ዮናስም ነነዌ ባለመጥፋቷ ማዘኑ ይታወሳል፤ የነነዌ ሰዎች ግን ዋሸን ብለው አልከሰሱትም። መሥሪያ ቤቱ የቈጠረው ቍጥር በይፋ የተነገረና ሰው ሁሉ ሊመረምረው የሚችል ስለ ነበረ ማስፈራራቱ ከሐሰት የሚቈጠር አይደለም።

ነቀፋ ካለ በሌላ በኩል ነው። በዕለተ አልቦ ይደረጋል የተባለው ምን ነበር? ነዋሪው ወደ 200 የሚሆኑ የውኃ መቅጃ ሥፍራዎች እየሄደ፣ ፖሊስና ወታደር እየጠበቀው፣ በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ይቀዳ ነበር። ይህ ለአራት ሚሊዮን ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ መቅጃ 20 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። ባለ መኪናው፣ ባለ መዋኛው፣ ባለ አትክልት ሥፍራው ሁሉ ጀሪካን ይዞ መሰለፉ የዓለም ፍጻሜ ሆኖ ታየ፤ የውጭ አገር ጋዜጦችም እንዲሁ አድርገው ጻፉት። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለድኻው ሰው ቢያንስ ይድረሰው ብሎ የወሰነው ልክ በቀን 25 ሊትር፣ ከቤቱም ከ200 ሜትር በማይርቅ ሥፍራ ነው። በከተማዋ ዳር በቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ብዙ ሕዝብ ከጋራ ቧንቧ በባልዲ እየተሸከመ የኖረው በዚህ ዓይነት ነው። እንግዲህ ለከተማዋ እኩሌታ የመቅሠፍት ቀን የተባለው፣ ለቀረው እኩሌታ ማክሰኞና ረቡዕ ነበር። ዕለተ አልቦ የተባለው ቀን ስም የወጣለት ወደ ሀብታሙ ደጃፍ ሲቃረብ ነው።

የመስፈሪያው ጥያቄ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። አማርኛ አንድ ቃል ብቻ ስላለው ሁለት ነገር ይቀላቀልበታል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሲተካከል ትክክል ይባላል፣ ነገሩ ቀጥ ብሎ ሲገኝም ትክክል ይባላል። ግዕዝ ግን ይለያቸዋል። ዕሪና መተካከል ነው፤ ሁለት እንጨት ጐን ለጐን ቢቆሙ ቁመታቸው አንድ ሲሆን ዕሩያን ይባላሉ። ርትዕ ግን መቅናት ነው፤ አንድ እንጨት ብቻውን ቆሞ አልተጣመመም ማለት ነው። ሁለት ጠማማ እንጨቶች በቁመት ሊተካከሉ ይችላሉ። ሃምሳ ሊትር ለሁሉ የሚለው ትእዛዝ ዕሪና እንዳለው አያጠራጥርም። ርትዕ አለውን?

አንድ ጊዜ ስሌቱን መመልከት ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ የሰውን አፍ የሚቈጥርበት ቈጣሪ የለውም፤ ቈጣሪው የተተከለው በቤቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት አራት ሰው አለ ብሎ አሰበ፤ አራት ጊዜ 50፣ በ30 ቀን ሲባዛ 6 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ በወር ከዚህ ልክ ያለፈ ቤት ቅጣት ወይም ውኃውን የሚቈርጥ መሣሪያ ይጠብቀዋል ተባለ። በባሕር ዳር ባለው ቪላ ሁለት ሽማግሌዎች ቢኖሩ ለአንዱ 100 ሊትር ደረሰው። በሜዳው ሠፈር አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በጓሮም ተከራይ ጨምረው አሥር ሆነው በአንድ ቈጣሪ ቢኖሩ ለአንዱ 20 ሊትር ሆነ። እርግጥ ነው፣ ቤተ ሰቡ ብዙ የሆነ ሰው አመልክቶ ልኩን ማስጨመር ይችላል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ማመልከቻ መጻፍ፣ ማስረጃ ማቅረብ፣ ቢሮ መመላለስ የሚቀለው ለማን እንደ ሆነ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ደግሞም ውኃ የሚቈርጠው መሣሪያ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከድርቁ ብዙ ዓመት አስቀድሞ የውኃ ዕዳ ባለባቸው በድኾች ቤት ተተክሎ፣ በቀን 350 ሊትር ካለፈ በኋላ እስከ ማግሥቱ ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ እርሱ የተጨነቀ ጋዜጣ ጥቂት ነው።

ሀብታሙ በበኩሉ ሌላ በር ነበረው። በግቢው ጕድጓድ አስቈፈረ፤ ታላላቅ ማጠራቀሚያ ገዛ፤ በአጥሩም ላይ ይህ አትክልት በጕድጓድ ውኃ ነው የሚጠጣው የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። የከርሰ ምድሩ ውኃ ግን በአጥር አይከፈልም፤ ከአንዱ ግቢ የተሳበው ከጎረቤቱም ሥር የመጣ ነው። በቈጣሪው ላይ ሲታይ ይህ ሰው ቆጣቢ ነው፣ ይመሰገናል፤ በምድሪቱ ላይ ሲታይ ግን እንደ ቀድሞው ይጠጣል። በ2023 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ጥናት በኬፕ ታውን ከሕዝቡ ከመቶ 14 የማይሞሉት ባለጸጎች ከከተማዋ ውኃ ከመቶ 51 ያህሉን እንደሚጠቀሙ፣ ከመቶ 62 የሚሆኑት ድኾች ግን ከመቶ 27 ብቻ እንደሚደርሳቸው ገምቷል። እንዲህ ሲሆን፣ ከሁሉ እኩል ቀንሱ ማለት፣ አንድም ዕሪና ነው፤ አንድም ከማያገኘው ላይ መቀነስ ነው።

ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ሲታደል ማንም አልተበደለም ይባላል፤ ሁሉም ሠፈር ቀን አለው። ነገር ግን በግቢው ታላቅ ታንከር የተከለ፣ በሞተርም ወደ ላይ የሚስብ ሰው በቀኑ ሞልቶ ሳምንቱን ሙሉ ፈረቃ መኖሩን ረስቶ ይኖራል። ሦስት ጀሪካን ያላት ባልቴት ግን የፈረቃዋ ቀን ውኃው በሌሊት መጥቶ ሄዶ ከሆነ እስከሚቀጥለው ትለምናለች። ፈረቃው ዕሩይ ነው፤ ዕቃው ግን ዕሩይ አይደለም።

ለዕሪና የሚከራከር ሰው ደግሞ የሚናገረው ቃል አለው፤ ቃሉም ቀላል አይደለም። በጭንቅ ጊዜ ሕዝብ የሚታዘዘው ለሚገባው ትእዛዝ ነው ይላል። ሃምሳ ሊትር ለሁሉ የሚለውን ሕፃንም ይረዳዋል፤ እንደየቤቱ፣ እንደየድኽነቱ፣ እንደየሕመሙ እንስፈር ከተባለ ግን መስፈሪያው በጸሓፊው እጅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ ያለው ብዙ ይሰፈርለታል። መልኩን አይቶ የማያዳላ ዳኛ ከማግኘት ዓይን የሌለውን ቈጣሪ ማመን ይሻላል። ደግሞም ባለጸጋው ጎረቤቱ ሁሉ በባልዲ ሲቀዳ ካላየ ራሱ አይቀዳም። ስለዚህም ይመስላል መሥሪያ ቤቱ በ2018 መጀመሪያ የከተማዋን ካርታ አውጥቶ፣ ልኩን የጠበቀውን ቤት ሁሉ በአረንጓዴ ነጥብ አስመልክቶ ለሕዝብ የገለጸው። ጎረቤት በጎረቤት አፈረ፤ ማፈርም ከቅጣት ይልቅ ሠራ።

ይህ ክርክር ለሦስት ወር ያሸንፋል። ቤት ሲቃጠል ባልዲ ለሁሉ እኩል ይታደላል፤ ማን ደካማ ነው ብሎ የሚመረምር የለም። ነገር ግን የአየር ጠባይ መለወጥ የሦስት ወር እሳት አይደለም። የሚመጣው ዘመን ሁሉ እንዲህ ከሆነ፣ ለጭንቅ የተሠራው መስፈሪያ የዘወትር መስፈሪያ ይሆናል፤ በጭንቅ ጊዜ ይቅር የተባለው ጠማማነትም ሕግ ሆኖ ይቀራል። መሥሪያ ቤቱ ለሚመጣው ዘመን እዘጋጃለሁ ሲል ከግድቡ ቁመት ይልቅ ይህን አስቀድሞ መመርመር ነበረበት።

የገንዘቡ ነገር ይህን ይበልጥ ያጐላዋል። ሕዝቡ ውኃ በቆጠበ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ገቢ ወደቀ፤ ቧንቧው፣ ማጣሪያው፣ ሠራተኛው ግን ውኃ ቢፈስም ባይፈስም ያው ወጪ ነው። ስለዚህ የውኃው ዋጋ ጨመረ። ሕዝቡም፣ አባከናችሁ ተብለን ተቀጣን፣ ቆጠባችሁ ተብለንም ተቀጣን ብሎ አጉረመረመ። ማጉረምረሙ የሚያሳዝን ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ ያለ ገንዘብ ሊሠራ አይችልም፤ ጥያቄው ከማን ይውሰድ የሚል ነው። ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው በ2017 ማብቂያ የቀረበው ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ እንደ ቤቱ ዋጋ ግምት የድርቅ ክፍያ ይክፈል የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶበት በጥር 2018 ተተወ። ሁለተኛው ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የተሠራበት ነው፤ ወደ ቤቱ በሚገባው ቧንቧ ስፋት ልክ በየወሩ ቋሚ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ውኃ ቢቀዳም ባይቀዳም። ከድኽነት መዝገብ የተጻፉት ሰዎች በዚያ ጊዜ በወር 10 ሺህ 500 ሊትር ያለ ዋጋ ተፈቅዶላቸው የነበረ ቢሆንም፣ ለሁሉ ሰው ይሰጥ የነበረው ነጻ 6 ሺህ ሊትር ግን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ቀርቷል። በመዝገቡ ያልገባ፣ ሀብታምም ያልሆነ ብዙ ሰው በመካከል ቀረ። የቧንቧ ስፋት የሀብት መለኪያ እንዳይደለ ግልጽ ነው፤ የጡረተኛዋ አሮጌ ቤትና የባለ ሱቁ አዲስ ቤት በአንድ ዓይነት ቧንቧ ሊጠጡ ይችላሉ። የተተወው ሐሳብ ጕድለት ቢኖረውም ከተያዘው ይልቅ ወደ ርትዕ የቀረበ ነበር።

በየካቲት 2018 ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ተደረገ። ግሩንላንድ በሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ያሉ የፍራፍሬ አትክልተኞች በራሳቸው ግድብ ካጠራቀሙት 10 ቢሊዮን ሊትር ውኃ ያለ ዋጋ ለከተማዋ ለቀቁ። ከተማዋ በዚያ ጊዜ በምትጠቀመው ልክ ሲቈጠር ይህ ለ20 ቀን ያህል ይበቃል። ሰጪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ደግሞም ተመሰገኑ። በዚያው ዓመት ግን መንግሥት ለመስኖ ከሚሰጠው ውኃ ላይ ከመቶ 60 ቀንሶ ነበር፤ ለከተሞች የቀነሰው ከመቶ 45 ነው። መስኖው በቀነሰ ጊዜ በወይንና በፍራፍሬ ለቀማ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ሥራ አጣ። እርሱም በግድ ሰጪ ነበር፤ ስሙ ግን ከሰጪዎች ጋር አልተጠራም።

ለሚመጣው ዘመን ስለ ማከማቸት ሲነገር የዮሴፍ ስም ሳይነሣ አይቀርም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማጠራቀሙን ሁሉም ያመሰግናል። ነገር ግን በረሀቡ ዓመታት የግብፅ ሕዝብ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን እየሰጠ ያንኑ እህል እንደ ገዛ በዚያው ታሪክ ተጽፏል፤ ይህን ክፍል የሚያነሣው ሰባኪ ጥቂት ነው። ጐተራን መሥራት አንድ ጥበብ ነው፤ ጐተራው በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡን ባሪያ አለማድረግ ሌላ ጥበብ ነው። ኬፕ ታውን በፊተኛው ጥበብ ከ2018 ወዲህ ብዙ ደክማለች። ከተራራው ሥርና ከሜዳው አሸዋ ሥር የከርሰ ምድር ውኃ አስቈፈረች፤ የባሕርን ጨው የሚለዩ ሦስት ትናንሽ መሣሪያዎች ለጊዜው አቆመች፤ ያገለገለ ውኃን አጥርቶ እንደገና ለመጠጥ ማዋልንም አሰበች። ይህ የመጨረሻው አንዳንዱን ሰው ያጸይፈዋል፤ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ግን ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ስትጠጣው ኖራለች።

ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ግን መጥረቢያ ሆኖ ተገኘ። በግድቦቹ ራስጌ ባሉት ተራሮች ከውጭ አገር የመጡ ዛፎች በቅለዋል፤ ጥድ፣ የአውስትራሊያ ግራር፣ ባሕር ዛፍም ጭምር። የአገሩ ቍጥቋጦ ጥቂት ሲጠጣ እነዚህ ብዙ ይጠጣሉ፤ ዝናቡ ከግድቡ ሳይደርስ በሥራቸው ይቀራል። በ2018 የወጣ ስሌት እነዚህ ዛፎች ቢመነጠሩ በስድስት ዓመት ውስጥ በዓመት 55 ቢሊዮን ሊትር ውኃ እንደሚመለስ ይናገራል፤ ይህም በድርቁ ጊዜ በነበረው ልክ ከተማዋን ከሦስት ወር በላይ ያጠጣል፤ ዋጋውም ከባሕር ውኃ ማጣሪያ እጅግ ያንሳል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ስላዳናት የኢትዮጵያ ሰው በዚህ ዛፍ ላይ ለመፍረድ ይከብደዋል፤ ውለታ አለውና። ነገር ግን ዛፍም እንደ ሰው በቦታው ይመሰገናል። በደቡብ አፍሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ለዚህ ምንጠራ የሚቀጥረው ሥራ ያጡትን ድኾች ነው። ስለ ውኃ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ዕሪናና ርትዕ የተገናኙበት ቢፈለግ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከተማው ሁሉ ይጠጣል፣ ደመወዙም ወደ ችግረኛው ይሄዳል። ይህ ሥራ ግን እንደ ግድብ ሪባን የሚቈረጥበት ምርቃት ስለሌለው ገንዘቡ ሲያንስ ቀድሞ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

ዝናቡ ተመለሰ። በ2020 ዓ.ም. ግድቦቹ ሞሉ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደቡ ተነሣ። የከተማው ሰው ቆጥቦ መኖርን ስለ ለመደ የውኃው ፍጆታ ወዲያው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በባለጸጎች ግቢ የተቈፈሩት ጕድጓዶችም አልተደፈኑም። ባለቤቶቻቸው ከመሥሪያ ቤቱ የሚገዙት ውኃ ቀንሷል፤ ለድኻው ነጻ ውኃ ይደገፍ የነበረውም እነርሱ ከሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ሹሞች ግድቡ ሞልቶም ቢሆን የሚጨነቁበት አላጡም፤ በሜዳው ሠፈር ባለው የጋራ ቧንቧ ሥርም ባልዲዎቹ እንደ ቀድሞው በተራ ተደርድረዋል።